እማዬ ሻንጣውን ቆለፈችው

ጥያቄ፦

ሰላም እህታችን፣ ዓምድሽን ሁሌም አነባለሁ ግን አንድ ቀን እጽፍልሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። አምና ሰፈራችን ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ያኔ ዕቃ ስናወጣ ከእማዬ አልጋ ስር አንድ ትልቅ ቡናማ ሻንጣ ወጣ። ውስጡ ፎቶ ነው በቃ፣ 500 ሳይሆን አይቀርም፣ ከዛ የአባዬ የሥራ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ደብዳቤ፣ የድሮ መታወቂያ፣ ካሴት ምናምን። ግማሹን እርጥበት ነክቶታል።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ታላቅ ወንድሜ "ሁሉንም ስካን አድርጊና ኦሪጅናሉን በሰው ላኪልኝ፣ እዛ ይበላሻል" አለኝ። ዱባይ ያለችው ታናሼ ደግሞ "እስከዛው በስልክ እያነሳሽ ቴሌግራም ላይ ልቀቂልን" አለች። እኔም ማታ ከሥራ ስመለስ እያነሳሁ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ መልቀቅ ጀመርኩ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር፣ የሚስቅም የሚያለቅስም ነበር። ከመሃል አንዲት ትንሽ ጉርድ ፎቶ አገኘሁ፣ ጠርዟ የተጣጠፈ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው፣ በቀይ ሽብር ግዜ የሞተው። እሷንም ለቀቅኳት። አንድ የአክስቴ ልጅ ወስዶ ፌስቡክ ላይ "ያላየሁት አጎቴ" ብሎ ለጠፋት፣ ሰው ሼር አደረገው፣ የድሮ ጎረቤታችን አይታ ለእማዬ ደውላ ነገረቻት።

እማዬ አልጮኸችም። "ሳትጠይቂኝ?" ብቻ አለችኝ። ከዛ ሻንጣውን ቆለፈችውና ቁልፉን አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አሰረችው። "ስሞት ታገኙታላችሁ" ትላለች። ሦስት ሳምንት ሆነን፣ አብረን እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ግን ልክ አይደለንም። በኋላ ከአክስቴ እንደሰማሁት ፎቶዋን ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ትራስ ውስጥ ሰፍታ ነው ያቆየቻት። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ወላሂ አላውቅም ነበር ብዬ ብምልም ማን ይሰማኛል። ወንድሜ በየቀኑ እየደወለ "የት ደረሰ?" ይለኛል። የሚያስጨንቀኝ ደግሞ እማዬ 69 ዓመቷ ነው፣ ስም መርሳት ጀምራለች፣ እሷ ከረሳች እነዛን ሰዎች ሌላ የሚያውቃቸው የለም። ሻንጣውን ልተወው? ወይስ...

የሻንጣዋ ባለቤት ልጅ ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለቴም ትራሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከ1970 እስከ ግንቦት 1983 ብንቆጥረው 13 ዓመት ነው። እናትሽ 13 ዓመት ሙሉ በየማታው ወንድማቸው ላይ ጭንቅላታቸውን አሳርፈው ነው የተኙት፣ ማንም ሳያውቅ። ያን ግዜ አሰሳ ይመጣል ተብሎ ስንቱ ቤተሰብ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ መጽሐፉን እሳት ውስጥ ከቷል፣ ስንቷ እናት ልጇ ሞቶ ድንኳን መትከል ቀርቶ ጮክ ብላ ማልቀስ ፈርታለች። እሳቸው አላቃጠሉም፣ ሰፉት። አንቺ ስታገኚያት ከ500 ፎቶ አንዷ ነበረች፣ ለእሳቸው ግን ከሌላው ሁሉ ተለይታ የተደበቀች ናት። ይሄን እያወቅሽ ብታደርጊው ኖሮ ጥፋት እልሽ ነበር፣ አላወቅሽም፣ ማንም አልነገረሽም። ግን ሳያውቁ የረገጡት እግርም ያማል አይደል? ይቅርታው ለዛ ነው የሚያስፈልገው።

በመጀመሪያ ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ "ወይስ" ብለሽ የተውሻት ነገር። ምን እንደሆነች የገባኝ ይመስለኛል። እማዬ ስትተኛ ቁልፉን ወስዶ፣ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አንስቶ፣ መልሶ መቆለፍ። ሃሳቡ ስለመጣልሽ አልፈርድብሽም፣ ወንድምሽ በየቀኑ ሲደውል፣ እሳቸው ስም ሲረሱ እያየሽ፣ ማንም ሊያስበው ይችላል። ግን እባክሽ አታድርጊው። ብታደርጊው 500 ፎቶ ይኖርሻል፣ የምትነግርሽ ሰው ግን አይኖርሽም። ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የኔ ቤት አንድ ፎቶ አለ፣ ጥምቀት ላይ የተነሳ፣ ሰባት ሰው ቆሟል፣ ነጠላቸው ታጥቦ ተተኩሶ እንዴት እንደሚያምር፣ አያቴ ከመሃል ናት። ከሰባቱ ስማቸውን የምናውቀው የሁለቱን ነው። አያቴ በነበረች ግዜ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነበር፣ እሷም ከስሩ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር፣ ማናችንም አልጠየቅናትም። አሁን በጣም ጥሩ አድርጌ ስካን አድርጌዋለሁ፣ የጫማቸው ማሰሪያ ሳይቀር ይታያል፣ ግን አምስቱን ሰዎች አላውቃቸውም። አንቺ ገና አልረፈደብሽም።

እንግዲህ መጀመሪያ ለአክስትሽ ልጅ ደውዪለት፣ በቴክስት ሳይሆን በድምጽ። አትቆጪው፣ እሱም ወዶ ነው ያደረገው፣ የትራሱን ነገር ንገሪውና ፖስቱን እንዲያጠፋ ለምኚው። ሼር ያደረጉት ሰዎች ጋ ያለው ኮፒ በሙሉ ይጠፋል ማለት አይደለም፣ ለእማዬም "ሁሉም ጠፍቷል" ብለሽ እንዳትዋሺያት፣ ያጠፋሽውን ያህል ነው የምትነግሪያት። ከዛ ቅዳሜ ወይ እሁድ ቡና ሲፈላ፣ ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ወንድምሽም መስመር ላይ አይኑር፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ "እማ፣ ሳልጠይቅሽ ለቀቅኳት፣ ይቅር በይኝ" በያት። አለቀ። "ግን እኔ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ እኮ ነው፣ አላወቅኩም እኮ" የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዪው፣ "ግን" ከገባበት ይቅርታ መሆኑ ይቀራል። በዛን ቀን ስለ ሻንጣው አታንሺ። ቁልፉንም ቀና ብለሽ አትዪው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እናትሽን ያመማቸው የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ? ፎቶዋ ለሰው መታየቷ ነው? ወይስ ከጎረቤት መስማታቸው? ወይስ ደግሞ "ያላየሁት አጎቴ" ተብሎ ስሙ ሳይጠራ መለጠፉ? እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ መልሱ ግን በጣም ይለያያል። መስቀል አደባባይ ጎን ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብተሽ ከሆነ፣ ግድግዳው ከላይ እስከታች የወጣቶች ጉርድ ፎቶ ነው፣ ስንት ዓመት ከቤት ያልወጣ ፎቶ እዛ ተሰቅሏል። እናትሽም አንድ ቀን ወንድሜ በስሙ ይታይልኝ ሊሉ ይችላሉ፣ ወይም በፍጹም ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱም መብታቸው ነው። ይሄን ሃሳብ አንቺ አታቅርቢው፣ እሳቸው ካነሱት ግን ስሚያቸው። ዝም ካሉም ዝምታውን አትሙይው።

ሻንጣው መቼ ይከፈታል ትዪኛለሽ። እሳቸው ሲከፍቱት ነው። ምክንያት መፍጠር ግን ትችያለሽ። እርጥበት ነክቶታል ብለሻል አይደል፣ "እማ፣ ሻጋታ እንዳይበላው ነፋስ ይምታው፣ አንቺው ክፈቺው፣ እኔ አልነካም" ማለት እውነትም ነው፣ አክብሮትም አለው። የረጠቡት ፀሐይ ላይ አይሰጡ፣ ጥላ ቦታ ነጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ ይዘርጉ። እርስ በርስ የተጣበቁትን ደግሞ እንዳትስቢ፣ ሲለያዩ ፊቱ ነው የሚላቀቀው፣ እንደተጣበቁ ይቀመጡ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀም ካለ ከነመስታወቱ ነው የሚነሳው።

ሲከፈት አንቺ ስካነር ይዘሽ አትቅረቢ። ፎቶውን እሳቸው ያንሱት፣ እሳቸው ይምረጡ፣ ከሠርግ ከክርስትና ይጀምሩ፣ ከሚያስቀው። በአንድ ከሰዓት አሥር ፎቶ ይበቃል፣ እውነቴን ነው አሥር ብቻ፣ 500 ፎቶ በዚህ አካሄድ ዓመት ቢፈጅ ይፍጅ። ስልክሽን ድምጽ መቅጃ ላይ አድርገሽ "እማ፣ ድምጽሽን ልቅዳው?" ብለሽ፣ እሺ ካሉ መሃል ላይ አስቀምጪው። እና በተለይ ይሄን ያዢልኝ፦ "ይሄ ማነው?" ብለሽ አትጀምሪ። ስም መርሳት ለጀመረ ሰው ያ ጥያቄ ፈተና ነው፣ ሲያቅታቸው ያፍራሉ፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ሻንጣውን ይዘጋል። "ይሄ ግቢ የማን ነበር? ይሄን ቀሚስ ማን ሰፋልሽ? ያን ቀን ምን በላችሁ?" በያቸው። ስለ ቀሚሱ ሲያወሩ የሰፊዋ ስም ይመጣል፣ ከዛ የባሏ፣ ከዛ ከኋላ የቆመው ልጅ ስም ሳትጠይቂ ይወጣል። ካልወጣም እለፊው፣ ሌላ ቀን ሌላ ፎቶ ላይ ይመጣል።

ፎቶውን ከማንሳትሽ በፊት ገልብጪው። የድሮ ሰው ሁሉንም ነገር ከጀርባው ነው የሚጽፈው፣ "ለማይረሳኝ ወንድሜ መታሰቢያ" ብሎ፣ ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ። የፎቶ ቤቱ ማኅተምም ይኖራል፣ ፎቶ ቤቱ የት ሰፈር እንደነበር ካወቃችሁ ግዜውን ለመገመት ይረዳል። ስለዚህ ፊቱንም ጀርባውንም አንሺ፣ ቁጥር መስጠት ካስፈለገሽ በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለሽ፣ እስክሪብቶ ግን በፍጹም፣ ቀለሙ ወደፊት ይዘልቃል። ቀኑ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ከጀርባው "15/4/68" የሚል ብታገኚ ታኅሣሥ 15 ቀን 1968 ዓ.ም. ማለት ነው፣ በፈረንጁ 1975 መገባደጃ። የወንድምሽ ልጆች አሜሪካ ሆነው ቢያዩት ግን 1968ን በራሳቸው አቆጣጠር ነው የሚያነቡት፣ ሰባት ዓመት ከምናምን ይሳሳታሉ፣ አያታቸው ሳያገቡ ሊያጋቧቸው ይችላሉ። በአንዱ አቆጣጠር ተስማሙና ፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን ካስቀደማችሁ በኋላ "ዓ.ም." ወይ "እ.ኤ.አ." ብላችሁ ጨምሩበት። ዓመቱ ካልታወቀ "1960ዎቹ" ይበቃል፣ ግምትን እንደ እውነት አትጻፉ።

ማንሻው ላይ ብዙ አትጨነቂ። ጠፍጣፋ ስካነር ከተገኘ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (ስካነሩ በአንድ ኢንች የሚያነሳው የነጥብ ብዛት ነው)፣ ለወረቀት 300 በቂ ነው፣ እንደዛች ጉርድ ፎቶ ትንንሽ ለሆኑት 1200 ብታደርጊው ፊታቸው ሲጎላ ይለያል። ኔጋቲቭ ካለ አትጣይው፣ ከታተመው ፎቶ የበለጠ ነገር ይዟል። ስካነር ከሌለ ስልክሽም ይሠራል፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ። የጎጉል ፎቶስካን የሚባለው አፕ አብለጭልጮቱን ስለሚያጠፋ ለፎቶ ጥሩ ነው። ኮፒ ቤት ወስዶ ማስነሳትም አለ፣ ግን የእናትሽን ሁኔታ እያየሁ ከቤት ባይወጣ ነው የምመርጠው። ያ የሚያጣብቅ ገጽ ያለው፣ ላስቲክ የሚሸፍነው አልበም ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አንሱት፣ ሙጫው ፎቶውን ይበላዋል። በግድ አትላጪው፣ ከነገጹ አንሺው፣ ለማውጣት ከሞከርሽም የጥርስ ክር በስሩ እያሳለፍሽ ቀስ ብለሽ። ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ባለቀለሞቹ ቶሎ ነው የሚደበዝዙት፣ በወረፋ እነሱ ይቅደሙ።

ካሴት ያልሽውን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያኔ ውጭ ያለ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ድምጹን ቀድቶ ይልክ ነበር፣ ከዘፈን ካሴት ጋር ተቀላቅሎ የአባትሽ ድምጽ እዛ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከማጫወትሽ በፊት ካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው፣ በስህተት እንዳይቀዳበት። ቴፑንም መጀመሪያ በማያሳስብ ካሴት ሞክሪው፣ ክር የሚበላ ቴፕ ስንቱን ድምጽ አጥፍቷል። ደህና ከሆነ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምጽ መግቢያ በገመድ አገናኝተሽ አውዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ትቀጂዋለሽ። እናትሽ ያን ድምጽ ሲሰሙ አብረሻቸው ሁኚ፣ በኢርፎን ብቻሽን አትስሚው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ክፉ አይመስለኝም፣ ፈርቷል፣ አባቱ ሲያርፍ ሩቅ ነበረ አይደል? ከዛ ቤት የሆነ ነገር በእጁ መያዝ ፈልጎ ነው። ግን ኦሪጅናሉ የእሱም ያንቺም አይደለም፣ የእናታችሁ ነው፣ በሕይወት እያሉ ማንም ሊከፋፈለው አይገባም፣ በሰው ሻንጣ አትላንቲክን ማቋረጥማ ጭራሽ። ለእሱ ግን ሥራ ስጪው። "አንተ ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዛ፣ አንዱ እዚህ አንዱ አንተ ጋ ይቀመጣል፣ በየወሩ የሞላውን እልክልሃለሁ" በዪው። ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ቦታ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ባለሙያዎቹ የሚሉት እንደዛ ነው፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ለዛ በጣም ጥሩ ነው፣ እዚህ አንድ ነገር ቢደርስ እዛ ይኖራል። ፍርሃቱንም ያስታግስለታል። ዱባይ ላለችው ደግሞ ዝርዝሩን ስጪያት፣ አንቺ የቀዳሽውን የእማዬን ድምጽ እየሰማች በቁጥር በቁጥር ስም ትሙላ፣ ከናፍቆቷም ትንሽ ይቀልላታል። ሁሉንም ብቻሽን እየሠራሽ ሌሎቹ "የት ደረሰ" ብቻ የሚሉበት ነገር አብቅቶ በሦስት ይካፈል።

ኢንተርኔት ላይም ማስቀመጥ ካሰባችሁ፣ የጎጉል ነፃ ማስቀመጫ 15 ጊጋ ነው፣ ኢሜይልሽንም ጨምሮ፣ ለፎቶ ድሮ ያለገደብ የነበረው በ2021 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። 500 ፎቶ በጄፔግ ግን ጀርባውንም ጨምሮ ይበቃዋል። ለዚህ ብላችሁ አዲስ አካውንት ከከፈታችሁ አልፎ አልፎ ግቡበት፣ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ይዘጋል። ቴሌግራም ላይ በፎቶ ስትልኪው ጨምቆ ነው የሚልከው፣ ለወንድምሽ ስትልኪ በ"ፋይል" ይሁን። እና ግሩፑ ላይ የሚለቀቀው እማዬ "ይሄ ይሂድ" ያሉት ብቻ ይሁን፣ ኮምፒውተሩ ላይም ሁለት ፎልደር ይኑር፣ አንዱ "ለሁሉም"፣ አንዱ "እማዬ ጋ"። የትኛው የት እንደሚገባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ወረቀቶቹን ከፎቶዎቹ ለይተሽ አስቀምጪ። የቤት ካርታ፣ የአባትሽ የጡረታ ወረቀት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የወራሽነት ውሳኔ ካለ፣ ስካን አደረግን ብላችሁ ኦሪጅናሉን እንዳትጥሉ፣ ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ኦሪጅናሉን አምጡ ነው የምትባሉት። እነዚህ ግሩፕ ላይ አይለቀቁም፣ የመታወቂያ ቁጥር ያለበት ነገር በሙሉ። ሻንጣውም ከአልጋ ስር ይነሳ፣ ከሽንት ቤት ግድግዳም ይራቅ፣ ፎቶ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ በወረቀት ፖስታ ሆኖ ካርቶን ውስጥ ይሻለዋል። ሻንጣውን ራሱን ግን እንዳትጥይው።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። የአጎትሽ ፎቶ እናትሽ ጋ ተመልሳለች፣ ስልክሽ ላይ ያለችውስ? ይቅርታ በጠየቅሽ በሌላ ቀን፣ ደህና ስትሆኑ፣ ስልኩን ይዘሽ ቅረቢና "እማ፣ እዚህ አንድ አለች፣ ምን ላድርጋት?" ብለሽ ጠይቂያቸው። አስቀምጪያት ካሉሽ "እማዬ ጋ" የሚለው ፎልደር ውስጥ የመጀመሪያዋ ትሁን። አጥፊያት ካሉሽ አጥፊያት፣ እያዩሽ፣ ከስልኩ መጣያ ውስጥም ጭምር።